ከንፈሩ ላይ የቀረ ቅቤ

በፖሊስ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ገደል የገባ፣ በወሰን ጠብ የተፈነከተ፣ ወንዝ የወሰደው ሬሳ አይቻለሁ፤ አይቼም ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቻለሁ። የሻሞራውን ፍሬውን ሳይ ግን ክው ብዬ ቀረሁ።

ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከግራ ጆሮው በላይ ተመትቷል፤ ደሙ ኮሌታው ላይ ደርቋል። ይህስ ይሁን። ያስደነገጠኝ አፉ ነው። ከንፈሩ፣ አገጩ፣ እስከ አፍንጫው ጫፍ ድረስ ቢጫ ቅቤ ተለድፎበታል። ሰው ገድሎ አፉን ቅቤ የሚቀባ ምን ዓይነት ፍጡር ነው እያልኩ ደርቄ ቆምኩ። አብራኝ የመጣችው ሳጅን ሊሻን ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ሊሻን ደግሞ በዋዛ ፊቷን የምታዞር ልጅ አይደለችም።

ሻሞራ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ፍሬው የከተማዋ የገበያ ቁጥጥር ኃላፊ ነበር። ሚዛን የሚፈትሽ፣ የተበላሸ ሸቀጥ የሚወርስ፣ አጥፍቷል ያለውን ነጋዴ ሱቅ የሚያሽግ እሱ ነው። የሞተውም የተወረሰ ዕቃ በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ከእሁድ እረፍቱ የተመለሰው የመጋዘኑ ጥበቃ አቤሴሎም በሩን ገርበብ ብሎ ሲያገኘው ገፋ አድርጎ ገባ፤ ጩኸቱ እስከ ገበያው ተሰማ አሉ።

አጠገቡ የአምስት ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ወድቋል። ሆዱ ተቦርቡሮ የቀለለ፣ ፍሬው ራሱ ከአንድ አጭበርባሪ የወረሰው ብረት ነው። ከክብደቱ ቢሰረቅም ሰው ለመግደል አላነሰም። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉም ከሟቹ ኪስ ውስጥ ነው። ወለሉ አቧራ ላይ ባልዲ ተቀምጦ የተነሳበት ክብ ምልክት አለ፤ ባልዲው ግን የለም። ከባልዲው ምልክት ፊት ለፊት ሁለት ወንበሮች ነበሩ። አንደኛው አቧራ ለብሷል፤ ሌላኛው በጨርቅ ተወልውሎ ያበራል።

ከሆሳዕና የመጣው ዶክተር አጵሎስ ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይሞት አይቀርም አለን። ቅዳሜ የሻሞራ ገበያ ነው፤ ቢሮ ዝግ፣ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ። ዶክተሩ ጓንቱን እያወለቀ አንድ ነገር ጨመረ።

"ቅቤው ከንፈሩ ላይ ብቻ ነው። አፉ ውስጥ ምንም የለም። ጥርሱን ነክሶ ነው የሞተው።"

ሰማሁት እንጂ ልብ አላልኩትም። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ምክንያቱም ሻሞራ ገዳዩን ለማወቅ እኔን አልጠበቀችም። እኛ ከመኪና ሳንወርድ ሚሊሻዎቹ ፈትሁዲን የሚባል የቅቤ ነጋዴ ይዘው አስረውታል።

ፈትሁዲን አባቱ ከጉራጌ መጥተው ሻሞራ የከተሙ፣ እሱም እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ፍሬው ከመገደሉ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ "ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ትሸጣለህ" ብሎ ሱቁን አሽጎበታል። ፈትሁዲን ደግሞ ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ "ቅቤዬን በልተህ አፍህን ጠርገህ አትሄድም፤ አፍህ ላይ ይቀራል" ብሎ ዛተ። ይኸው አሁን አፉ ላይ ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል አልኩ ለራሴ። ሥራ ሲቀለኝ ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው።

ጣቢያ ገብቼ አነጋገርኩት። ግዙፍ ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ግን ተኮማትሮ ነበር የተቀመጠው። ቅዳሜ የት ነበርክ ስለው ቤቱ ተኝቶ እንደዋለ ነገረኝ። ሱቁ የታሸገ ነጋዴ የገበያ ቀን የት ይሄዳል? ያየው ሰው ሚስቱ ሃቢባ ብቻ ናት። ለምን ዛትክ ስለው አልካደም፤ ንዴት ነው ያናገረኝ አለ። ቅቤው ንጹሕ መሆኑን ግን በልጆቹ ማለልኝ።

"ታዲያ ለምን አሸገብህ?"

"አፌን ሊያሽግ ፈልጎ ነዋ። ሱቄን ያሸገው አፌን ማሸግ ስላቃተው ነው።"

ከዚያ የነሐሴውን ነገር አነሳ። ነሐሴ ላይ የሻሞራ መግቢያ ላይ አንድ አይሱዙ ተይዞ ነበር፤ ሾፌሩ ጥሎት ጠፋ። የጫነው በባልዲ በባልዲ የታሸገ ቅቤ ነው። ሲመረመር የፀረ ተባይ መድኃኒት በነበረበት በርሜል ውስጥ ቀልጦ፣ ከዘይትና ከቀለም ጋር ተዋህዶ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የከተማው ምክር ቤት ይቃጠል ብሎ ወሰነ፤ ተቃጠለም ተባለ። ፈትሁዲን ግን መስቀል ሊደርስ ሲል ሞርሲቶ ገበያ ሄዶ ያንኑ ቅቤ በዚያው ባልዲ ሲሸጥ አየሁ ነው የሚለው። በቀለሙም በጠረኑም አወቅሁት አለ። መጥቶ ለሚመለከተው ሁሉ ተናገረ፤ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴም ጭምር። ተቃጥሏል፣ ፈርመንበታል ብለው መለሱት።

የታሰረ ሰው ብዙ ተረት ያውቃል። ልተወው ስል ከውጭ የድንጋይ ናዳ ድምፅ ሰማሁ። ወጣቶች ተሰብስበው የፈትሁዲንን ቤት ቆርቆሮ ይደበድባሉ፤ ሱቁን እንስበረው የሚሉም አሉ። ሃቢባ ልጆቿን ይዛ የጎረቤት ጓዳ ውስጥ ተደብቃለች። ሊሻን ሁለት ፖሊስ ይዛ ሄዳ በተነቻቸው። ስትመለስ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ኢንስፔክተር፣ ይህን ሰው ተሳስተን ከሆነ የያዝነው ቤቱም ልጆቹም አይተርፉም አለችኝ። እውነቷን ነው። ያኔ ነው ሥራው መክበድ የጀመረው።

የነሐሴውን ነገር ለማጣራት ወደ ወይዘሮ ጵርስቅላ ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ ጵርስቅላ በምክር ቤቱ ንግድን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። አስተማሪ ነበረች፤ ሻሞራ ውስጥ ስሟ በክፉ ሲነሳ አልሰማሁም። የሄድኩት እየተሳቀቅሁ ነው። አንዲት ልጇ ሐዳሳ በመስቀል ማግስት ታማ ሞታባታለች፤ ገና አንደኛ ክፍል የገባች ሕፃን። ለቀስተኛው ቢሳሳም አንዳንድ ሴቶች አሁንም ወጣ ገባ ይላሉ። ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ። ልትነሳልኝ ስትል በእግዚአብሔር ብዬ አስቀመጥኳት።

የጠየቅኳትን ሁሉ መለሰችልኝ። ቅዳሜ ከቤት አልወጣሁም አለች፤ ለወጉ ጠየቅሁ እንጂ የልጅ ሐዘን ላይ ያለች እናት የት ትሄዳለች ብዬ አለፍኩት። ቅቤውን ነሐሴ ላይ ከኮሚቴው ጋር ጉድጓዱ ድረስ ሄደው ማስወገዳቸውን ነገረችኝ። ፈትሁዲን መጥቶ እንደነበር አልደበቀችም፤ የነጋዴ ወሬ ነው ብላ እንደመለሰችው ነገረችኝ። ይህን ስትል ሻሿን አስተካከለች። ጫፉ ላይ ሰፊ የቅባት እድፍ ነበረው። ዓይኔ እዚያ ላይ እንዳረፈ አየችና፣ ራሴን ፍልጥ ሲያደርገኝ ሴቶቹ ቅቤ ቀብተውኝ ነው አለች። እግዚአብሔር ያጽናናዎት ብዬ ተነሳሁ።

በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

"ፈትሁዲን እንዴት ነው? ይበላል?"

አንጀቴን በላችው። በራሷ ሐዘን ላይ የሰው እስረኛ ታስባለች ብዬ ለሊሻን ነገርኳት።

ሊሻን ግን ሌላ ወሬ ይዛ ነበር የምትጠብቀኝ። ጥበቃው አቤሴሎም ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከመጋዘኑ በር አልተንቀሳቀስኩም ብሎ ፈርሟል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከነድንች ማዳበሪያው አንጋጫ መንገድ አድርሼዋለሁ ይላል። መጋዘኑን የሚጠብቅ ሰው፣ ሬሳውን ያገኘ ሰው፣ የዋሸ ሰው። ይኼ ነው አልኩ። አስጠራሁት።

አቤሴሎም ከመቀመጡ በፊት እንባው መጣ። አልገደልኩም ነው የሚለው፤ ስለ ዋሸ ግን አልተከራከረም። ከሥራ ገበታህ ጠፋህ ብለው ያባርሩኛል ብዬ ነው አለ። ቅዳሜ የላከው ራሱ ፍሬው ነው። ዛሬ ድንችህን ሽጥ፣ መጋዘኑን እኔ እጠብቃለሁ፣ ከሰው ጋር ቀጠሮ አለኝ አለው። ከማን ጋር ብዬ ስጠይቀው እንደማያውቅ ነገረኝ።

"ግን ትልቅ ሰው መሆን አለበት ጋሽ ሽብሩ። ፍሬው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቷል። ወንበሩን በራሱ መሀረብ ሲወለውል አየሁት።"

የሚያበራው ወንበር ትዝ አለኝ። ፍሬው ለፈትሁዲን ወንበር አይወለውልም። ፈትሁዲን ቢመጣ በር ላይ ቆሞ ነው የሚያናግረው።

አቤሴሎም አንዴ አፉ ከተከፈተ መዝጋት አልሆነለትም። የጉድጓዱን ነገርም አወጣው። ነሐሴ ላይ ኮሚቴው ጉድጓዱ ጋ ደርሷል፤ ባልዲዎቹ ተደርድረዋል፤ እሳት ተለኩሷል። ግን ዝናብ አዝሏል፣ ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ለኮሚቴውና ለእንግዶቹ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ምሳ ታዟል። ፍሬው በትሕትና ወረቀቱን ዘረጋላቸው። እናንተ ፈርማችሁ ሂዱ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ እኔ ጨርሼው እመጣለሁ አላቸው። ሁሉም ፈረሙ። መኪናቸው ከኮረብታው እንደ ዞረ እሳቱ ላይ ከላይ ከላይ ያሉት ጥቂት ባልዲዎች ብቻ ተጣሉ። የቀረው ማታ ላይ ተጭኖ ወደ ሞርሲቶ ወረደ።

እኔ ራሴ በስንት እንዲህ ዓይነት ወረቀት ማኅተም ስር ሰዎች ሲፈርሙ አይቻለሁ። ፊርማው ሁልጊዜ ከሥራው ይቀድማል፤ ምሳ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ፈትሁዲን ያወራው ተረት አልነበረም። ያ መርዝ ለበዓል በየሰው ቤት ገብቷል።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሃቢባ ለባሏ ምግብ ይዛ መጣች። ከተደበቀችበት ወጥታ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልፋ ነው የመጣችው። የምሳ ዕቃውን ስታስረክብ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ፀጉሯ እንደ ደረቅ ሣር ቆሟል። ሊሻን ልታጫውታት ፈልጋ፣ የቅቤ ነጋዴ ሚስት ሆነሽ ፀጉርሽ እንዲህ ይድረቅ አለቻት።

ሃቢባ ቀና ብላ አየቻት። "ባሌ ታስሮ ቅቤ ልቀባ እህቴ? ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቅቤ ይቀባል እንዴ?"

የወይዘሮ ጵርስቅላ ሻሽ ትዝ አለኝ።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቅቤ አይቀባም። ይህን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴ ራሷ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጠብታ ቅቤ አላስነካችም፤ ጎረቤት ሊቀባት ሲል ነውር ነው ብላ ታባርር ነበር። የትኞቹ ለቀስተኞች ናቸው ልጇን የቀበረች እናት ቅቤ የሚቀቡት? እኔም በሐዲያ ምድር ተወልጄ፣ ያን ሁሉ ለቅሶ ደርሼ፣ ዓይኔ ሥር የተነገረኝን ውሸት እግዚአብሔር ያጽናናዎት ብዬ ተቀብዬ ወጣሁ። እሷም ብትሆን ሐዘን ባያዞራት ኖሮ ይህን አትስትም ነበር።

ወዲያው ደግሞ የዶክተሩ ነገር መጣብኝ። አፉ ውስጥ ምንም የለም፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የሞተው። ቅቤው ፍሬው ከሞተ በኋላ ለስድብ የተቀባ አልነበረም። በሕይወት እያለ ሊያጎርሱት የሞከሩት ነው። ቅቤ በልቶ ያደገ ሰው አፉ ድረስ በመጣ ቅቤ ላይ ጥርሱን የሚነክሰው ምን ቢያውቅ ነው? ሕፃኗ ሐዳሳስ በምን ሞተች? ሆዷን አሟት ነው ያሉኝ። መቼ? በመስቀል ማግስት።

ሊሻንን ተነሺ አልኳት።

ወይዘሮ ጵርስቅላ ብቻዋን ነበረች። ስታየን ምን ፈለጋችሁ አላለችም። ተነሥታ ጓዳ ገባችና አንድ ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ይዛ ወጣች። መሀላችን አስቀመጠችው። ታችኛው ክፍል ላይ ቅቤ ተርፎበታል፤ ሽታው አፍንጫ ይወጋል።

"እጄን የጠረግሁበትን ሻሽ ካዩበት ጊዜ ጀምሮ ስጠብቅዎት ነበር" አለችኝ።

ባልዲውን ዘንበል አድርጋ ቂጡን አሳየችን። በቀይ ቀለም አንዲት ፊደል ተጽፋለች፤ ጵ። ሊሻን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"የእኔ ጽሕፈት ነው። ነሐሴ ላይ እያንዳንዱ ባልዲ ላይ በገዛ እጄ የስሜን ፊደል ጻፍኩበት፤ ተመልሶ ገበያ እንዳይወጣ ብዬ። ከዚያ ፈርሜ ምሳ በላሁ።"

የቀረውን ዝግ ብላ፣ አስተማሪ እንደነበረች በሚያስታውቅ ድምፅ ነገረችን። ሞርሲቶ ያለችው እህቷ አስካለች ላሟ ነጥፋባት ኖሮ የበዓሉን ቅቤ ከገበያ ገዝታ በሚኒባስ ላከችላት። እኛ ያሆዴ የምንለው የመስቀል በዓል ያለ አታካና አይሆንም፤ አታካና ደግሞ ቡላ በቅቤ ነው። በገዛ እጇ አገነፋችው። እሷ የሐሞት ጠጠር ስላለባት ሐኪም ቅቤ ከልክሏታል፤ አልቀመሰችም። ሐዳሳ ግን አንዴ በላች፣ ጨምሪልኝ አለች፣ ጨመረችላት። ሌሊቱን ታመመች። ሆሳዕና ሆስፒታል ሳይደርሱ መኪና ውስጥ ሞተች።

"ከቀብር ስንመለስ ሴቶቹ ዕቃ አጥበው ግቢው ላይ ደፍተውት ነበር። ባልዲው ቂጡ ወደ ላይ ነው። ስሜን አየሁት።"

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኔ አዲስ አልነበረም። ሴቶቹ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠውት የነበረውን ትራፊ ቅቤ መልሳ ባልዲው ውስጥ አደረገች። ፍሬውን ለሥራ ጉዳይ እንገናኝ ብላ ቀጠረችው። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ ሲወርድ፣ ለቀስተኞቹም ጎራ ብለን እንምጣ ብለው ሲወጡ፣ በጓሮ በኩል ሄደች። ወንበር ወልውሎ ጠበቃት። ባልዲውን ፊቱ አስቀመጠች። በቅቤ ገበያችን ገዢ የተጠራጠረ እንደሆነ ሻጩን ቅመስ ይለዋል፤ ሻጩ በጣቱ ጠቅ አድርጎ ይቀምሳል፤ ያልቀመሰ አይሸጥም። እሷም ቅመስ አለችው።

"ጾም ነኝ አለኝ። ቅዳሜ ምን ጾም አለ? አንድ ጣት ብቻ፣ ከዚያ እሄዳለሁ አልኩት። ሳቀ። በእጄ ዝቄ አፉ ላይ አደረግሁለት፤ ጥርሱን ነከሰ። ልጄ ጨምሪልኝ ያለችውን እሱ አንድ ጣት አልቀምስም አለ። ያ ብረት እጄ ላይ እንዴት እንደገባ አላውቅም።"

ሊሻን ታለቅሳለች። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ መቆጣቱ ሳይቀለኝ አይቀርም። ያ ሰው በእርስዎ ፋንታ ታስሮ፣ ቤቱ በድንጋይ ሲደበደብ ዝም ብለው ተቀመጡ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። በሳምንቱ መጨረሻ የምክር ቤቱ ጉባኤ ሊካሄድ ነበር። ባልዲውን ጉባኤው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ስሟን ለሁሉም አሳይታ፣ ከዚያ እጇን ልትሰጥ አስባ ነበር። በሌላ መንገድ ከተናገረች ፍሬውን ብቻ ያነሱና የፈረሙት ሁሉ ነጻ ይወጣሉ ብላ ነው።

"ፈትሁዲንን ግን ሁለት ጊዜ በደልኩት" አለች። "መጀመሪያ ሲነግረኝ ብሰማው ልጄ አትሞትም ነበር።"

የያዝናት ያኔውኑ ነው። ባልዲውን ሊሻን ተሸከመችው፤ ወይዘሮ ጵርስቅላ ሻሿን አስተካክላ በእግሯ ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በሞርሲቶም በአንጋጫም ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ተጭኖ ባልዲያችሁን ገልብጣችሁ እዩ ተባለ። ሰዎች አመጡ። አንዳንዶቹ ቅቤውን ለሠርግ ብለው ያስቀመጡት ነበር፤ አንዳንዶቹ ጨርሰውታል። አንዲት እናት ባልዲዋን ገልብጣ ቀይዋን ፊደል ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የተገኘው ሁሉ ተቃጠለ። የዚያን ቀን ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አመድ እስኪሆን ድረስ ማንንም ምሳ አላስበላሁም።

ፈትሁዲን ተፈታ። ተፈታ እንጂ ሱቁ እንደታሸገ ነው። ጓዳው ውስጥ ያለው ቅቤ እየተበላሸ፣ ደንበኞቹ ወደ ሌላ እየሄዱ፣ በየቀኑ የራሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ እንደ እንግዳ ይቆማል። ሃቢባ ልጆቹን በጎረቤት እጅ እያበላች ነው። እሽጉ የሚነሳው አንድም በፍሬው፣ ካልሆነ በኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማ ነው። አንዱ ሞቷል፤ ሌላዋ እስር ላይ ናት። ምክትሏን ጠየቅሁ፣ ታምሜያለሁ አለ። ሌላውን ጠየቅሁ፣ ሥልጠና አለብኝ አለ። ከዚያ ነገር ወዲህ ሻሞራ ውስጥ ምንም ነገር ላይ የሚፈርም ሰው ጠፋ።

ስለዚህ አንድ ያልተጻፈ ነገር አደረግሁ። የእሽግ ማንሻውን ወረቀት ይዤ ጣቢያ ገባሁ። ወይዘሮ ጵርስቅላ ገና ከሥልጣኗ አልተነሳችም፤ ጉባኤው አልተሰበሰበም። አነበበችው። እስክሪብቶ ስሰጣት አልተቀበለችኝም።

"ዕቃውን ሳላይ አልፈርምም።"

ከሊሻን ጋር ተያየን። ሕጉ እስረኛ ወደ ገበያ ውሰዱ አይልም፤ አትውሰዱም ሲል ግን አላነበብኩም። ወሰድናት። ሰው መንገዱን ሞልቶ ቆመ። ፈትሁዲን ሲያያት ምን እንደሚላት ፈርቼ ነበር። እሽጉን ቆረጥኩት፤ እሱ ግን በሩን ከፈተ፣ ከጓዳ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጣና ፊቷ ፈታው።

"ቅመስ" አለችው።

ፈትሁዲን በጣቱ ጠቅ አደረገና ቀመሰ፤ ዋጠው። ከዚያ ቅጠሉን ወደ እሷ ገፋላት። ሊሻን እጇን ፈታችላት። ወይዘሮ ጵርስቅላ ሐኪም የከለከላትን፣ ሐዘንም የከለከላትን ቅቤ በጣቷ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ፊቷ ላይ እንባው ሲወርድ አልጠረገችውም።

"ንጹሕ ነው" አለች። ከዚያ ወረቀቱን ጠየቀችኝና ፈረመች።